የሚያነግሠው መንበሩ ነበር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1249 ስኩን በተባለው የስኮትላንድ ገዳም የተሰበሰቡት መሳፍንትና ጳጳሳት የሰባት ዓመት ልጅ ሊያነግሡ መጥተው ጭቅጭቅ ገጥመው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልጁ አባት ዳግማዊ አሌክሳንደር ከሞተ ገና አምስት ቀኑ ነው። አላን ደርዋርድ የተባለው ትልቅ ሹም ልጁ መጀመሪያ የናይትነት ማዕረግ ይቀበል ይላል። ሌሎቹ ደግሞ ዕለቱ አይቀናም፣ በዘመኑ «የግብፅ ቀን» ከሚባሉት ገደቢስ ቀናት አንዱ ነው፣ ይቆይ ይላሉ። የሜንቲዝ መስፍን ዋልተር ካሚን ንጉሥ የሌለው አገር ቀዛፊ እንደሌለው ጀልባ ነው ብሎ ተከራከረና ረታ። ልጁም ሣልሳዊ አሌክሳንደር ተብሎ ነገሠ።

እንዴት እንደነገሠ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የስኮትላንድ ንግሥና መሠረቱ ያለው እዚያ ነውና። ዋናው ሥርዓት የተፈጸመው ከቤተ መቅደስ ውጭ፣ ደጅ ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ በመቃብሩ ግቢ መስቀል ቆሟል። ከመስቀሉ ሥር በወርቅ የተጠለፈ ሐር የለበሰ መንበር ተዘርግቷል፤ ነገሥታቱ ሲነግሡ የሚቀመጡበት ድንጋይ ያለው እዚያ ነው። ልጁን አምጥተው አስቀመጡት። ማስቀመጡ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አልነበረም፤ ከዘር ሲወርድ የመጣ የፋይፍ መስፍኖች መብት ነው። በዚያን ዕለት የፋይፉ ማልኮም ከስትራዘርኑ መስፍን ከማሊስ ጋር ሆኖ ፈጸመው። የሴንት አንድሩስ ጳጳስ ባረከው። መኳንንቱ እየተንበረከኩ ልብሳቸውን ከድንጋዩ ፊት አነጠፉ።

ከዚያ ከደጋው አገር የመጣ አንድ ሰው ከመንበሩ ፊት ወደቀና በጌሊክ ቋንቋ ንጉሡን ሰላም አለ። የአልባ ንጉሥ ሆይ (አልባ የስኮትላንድ የጌሊክ ስሟ ነው) ቡሩክ ሁን፤ አሌክሳንደር፣ የአሌክሳንደር ልጅ፣ የዊልያም ልጅ፣ የሄንሪ ልጅ፣ የዳዊት ልጅ እያለ ትንፋሽ ሳያጥረው እስከ ጥንቱ ግንድ ድረስ ቆጠረ። በዚህ ቆጠራ ውስጥ የምወደው ነገር አለ። ሄንሪ ነግሦ አያውቅም፤ አባቱን ቀዳማዊ ዳዊትን ቀድሞ በ1152 የሞተ አልጋ ወራሽ ነው። በሌላ በኩል ለአሥራ ሁለት ዓመት የነገሠው አራተኛው ማልኮም፣ የዊልያም ታላቅ ወንድም፣ በቆጠራው የለም። ሰውየው የሚያነበንበው የነገሥታት ዝርዝር ሳይሆን የልጁን ደም ነው፤ በአደባባይ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ነገ አንድ የአጎት ልጅ ተነሥቶ «እኔ እበልጣለሁ» ቢል፣ ልብሳቸውን ያነጠፉት ሁሉ ሰምተዋል።

ንጉሥ የሚያደርጉት እንግዲህ ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ ቦታውና ድንጋዩ፣ የሚያስቀምጠው እጅ፣ የዘር ቆጠራው። ዘውድ ቢኖርም ጌጥ ነው። ቅብዓ ቅዱስ ጭራሽ የለም። ንጉሥ ማለት የተቀባ ሰው ነው ብሎ ላደገ አንባቢ ይህ ግር ይላል፤ ለዘመኑ የአውሮፓ ነገሥታትም ግር ይላቸው ነበር። ስኮትላንዶች ቅብዓቱን ጠልተውት አልነበረም፤ ተከልክለው ነው። ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1221 ለሮማው ጳጳስ ዘውድ ልጫን ብሎ ለመነ፣ አልተፈቀደለትም። ልጁ ከነገሠ በኋላ ደግሞ የእንግሊዙ ሣልሳዊ ሄንሪ በ1251 ለሮም ጽፎ፣ የስኮትላንድ ንጉሥ ለእኔ የሚገብር ነውና ያለ እኔ ፈቃድ እንዳይቀባ አለ። ጉዳዩ ከጸሎት ይልቅ የፖለቲካ ነበር። የተቀባ ንጉሥ ከእግዚአብሔር በታች የበላይ የለውም፤ ያልተቀባን ንጉሥ ግን ጎረቤቱ «የእኔ ሹም ነህ» ሊለው ይችላል።

ከስኩን በፊት ምን ነበር ለሚል፣ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቅዱስ ኮሎምባ ታሪክ ነው። በ574 ገደማ ኮሎምባ ሂንባ በተባለች ደሴት ላይ ሳለ መልአክ የመስተዋት መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ መጽሐፉ ኤዳን የሚባለውን በምዕራብ ስኮትላንድ የነበረው የዳልሪያዳ መንግሥት መስፍን አንግሥ ይላል። ኮሎምባ ልቡ ያለው በኤዳን ወንድም ላይ ነበርና እምቢ አለ። መልአኩ በጅራፍ ገረፈው፤ ጠባሳው እስኪሞት ድረስ ከጎኑ አልጠፋም። መልአኩ ሦስት ሌሊት ተመላለሰ፣ በመጨረሻም ቅዱሱ ወደ አዮና ደሴት ሄዶ ኤዳንን እጁን ጭኖ አነገሠው። ይህን የጻፈው የአዮና አበምኔት አዶምናን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ700 አካባቢ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ስለ ኤዳን የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የአዮና አበምኔቶች ነገሥታትን የማንገሥ መብት የእኛ ነው ማለት መፈለጋቸውን ግን ፍንትው አድርጎ ያሳያል።

ሁለተኛው ዱናድ ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ፣ በኪልማርቲን ሸለቆ፣ ከረግረግ ሜዳ መካከል ብቻውን ብድግ ያለ አለታማ ጉብታ አለ። የዳልሪያዳ ነገሥታት ምሽግ ነበር። ከጫፉ አጠገብ በአለቱ ላይ የሰው እግር ቅርጽ ተፈልፍሏል፤ ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አጠገቡ የከርከሮ ሥዕል፣ ኦጋም የሚባለው የጥንት አየርላንዶች ጽሕፈትና ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ አለ። ዛሬ የሚሄድ ጎብኚ እግሩን የሚያስገባበት ዋናው ቅርጽ አይደለም፤ ዋናው እንዳይበላ በላዩ ላይ ቅጂው ተደፍቶበታል። ይህን የሚነግር ሰው ብዙ አይገኝም።

በዱናድ አንድ ንጉሥ እግሩን ሲያስገባ አይቶ የጻፈ ሰው የለም። ግምቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የደሴቶች ጌታ የሚባሉት የማክዶናልድ አለቆች እንዴት ይሾሙ እንደነበር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሂው ማክዶናልድ ጽፎታል። ሰባት ወይም ስምንት ጫማ ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ድንጋይ ነበር፤ በላዩ የእግር ቅርጽ አለው። ተሿሚው እዚያ ላይ ይቆማል፤ የቀደሙትን ፈለግ ይከተላል ማለት ነው። ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ ለንጹሕ ልቡ። ነጭ በትር ይሰጡታል፤ በትሩ ሊገዛ እንጂ ሊጨቁን እንዳልተሾመ ያሳያል። ቀጥሎ የአባቶቹን ሰይፍ ያስይዙታል። ጳጳሳትና ሰባት ቄሶች ይቆማሉ፤ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ከዚያ የሳምንት ድግስ። እዚህም ዘውድ የለም። እግር፣ ድንጋይና የአባቶች ስም ነው ያለው።

ስኩን ላይ የእግሩ ነገር ቀርቶ መቀመጥ ተተካ። ቦታው ከፐርዝ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከቴይ ወንዝ ዳር ነው። በ906 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስና ጳጳስ ኬላክ በስኩን አጠገብ ባለው «የእምነት ኮረብታ» ላይ ቆመው የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ሊጠብቁ ቃል እንደገቡ የአልባ ነገሥታት ዜና መዋዕል ይናገራል። ኮረብታው ዛሬ ሙት ሂል ይባላል፤ ኮረብታ ይባል እንጂ ዝቅ ያለ ጉብታ ነው። ሰዉ «የቦት ጫማ ኮረብታ» ብሎ የሚጠራበት አፈ ታሪክም አለ። መኳንንቱ ለንጉሡ ሲምሉ በገዛ መሬታቸው ላይ ቆመው መማል ስላለባቸው፣ እያንዳንዱ ከርስቱ አፈር በጫማው ሞልቶ ይመጣ ነበር። ምሎ ሲጨርስ ጫማውን እዚያው ያራግፋል፤ ጉብታው እንዲህ እየተከመረ አደገ ይባላል። ታሪኩ ዘግይቶ የተፈጠረ ማብራሪያ ነው፤ ግን የፈጠረው ሰው ሕግ የሚያውቅ ነው። መሐላና መሬት እንደማይለያዩ፣ ሰው የሚምለው በያዘው ርስት ልክ እንደሆነ ገብቶታል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። በአካል ሲታይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ርዝመቱ 67 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 42፣ ከፍታው 26.5 ያህል፣ ክብደቱ 152 ኪሎ የሆነ ሸካራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በሁለቱ ጫፍ የብረት ቀለበቶች አሉት፣ በላዩ መስቀል ተጭሮበታል። የሚነገርለት ታሪክ ግን ከግብፅ ይነሣል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ፎርደን የጻፈው ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ጌይተሎስ የሚባል የግሪክ ንጉሥ ልጅ በሙሴ ዘመን ግብፅ ገባ። ስኮታ የምትባል የፈርዖንን ልጅ አገባ፤ ስኮቶች ስማቸውን ያገኙት ከእሷ ነው። ለጋብቻው የሚሰጠው ምክንያት አማርኛ አንባቢን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል፦ ኢትዮጵያውያን ከተራራ ወርደው ግብፅን እስከ ሜምፊስ ድረስ ያጠፉ ነበርና፣ ጌይተሎስ ለፈርዖን ጦር ይዞ ደረሰለት፤ ፈርዖንም ለውለታው ልጁን ሰጠው። በስኮቶች የዘር ሐረግ ውስጥ እኛ የገባነው በጠላትነት ነው ማለት ነው። ፈርዖን በቀይ ባሕር ሲሰጥም ጌይተሎስና ስኮታ ተሰደዱ፣ ስፔን ሰፈሩ። ከዘራቸው ሲሞን ብሬክ መንበሩን ይዞ ወደ አየርላንድ ተሻገረ፣ የአየርላንድ ነገሥታት መቀመጫ በሆነው ታራ ላይ አኖረው፤ በኋላ የፈርቻር ልጅ ፈርጉስ ወደ ስኮትላንድ አመጣው። ፎርደን ራሱ ስለ ድንጋዩ ሁለት ወሬ ይዟል፤ አንዱ ሲሞን ከስፔን አመጣው ይላል፣ ሌላው የመርከቡ መልሕቅ ከባሕር ጎትቶ አወጣው ይላል። የንግሥተ ሳባንና የቀዳማዊ ምኒልክን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይሆንም፤ ዙፋን ሥሩን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይተክላል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁሉ መቼ እንደተጻፈ ነው። የስኮታንና የመንበሩን ታሪክ አያይዞ በግልጽ ያቀረበው ባልድሬድ ቢሴት የተባለ የሕግ ሰው ነው፤ ዘመኑ 1301፣ ቦታው የጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ ችሎት። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ብሪታንያ ሁሉ ከትሮይ የመጣው የብሩቱስ ርስት ስለነበረች ስኮትላንድ የእኔ ናት ብሎ ጽፏል። ቢሴት ደግሞ እኛ ከግብፅ የመጣን የስኮታ ልጆች ነን፣ ከብሩቱስ ጋር አንገናኝም ብሎ መለሰ፤ ስኮታ የንግሥና መንበሩን ይዛ መጣች፣ ያንን መንበር ይህ ንጉሥ በጉልበት ወሰደብን አለ። አፈ ታሪኩ የተጠናከረው ለክርክር ነው፣ ያውም ድንጋዩ ከተወሰደ ከአምስት ዓመት በኋላ። ያዕቆብ በቤቴል ተንተርሶት መላእክትን ያየበት ድንጋይ ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ቀድሞ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የእንግሊዙ መነኩሴ የዊልያም ሪሻንገር ጽሑፍ ነው። ይህም ትርጉም ይሰጣል፤ የዘረፈ ሰው ምርኮውን ማክበሩ አይቀርም።

የሥነ ምድር ሰዎች ነገሩን ዘግተውታል። ድንጋዩ ከስኩን አካባቢ የሚወጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ቤቴልንም ታራንም አላየም፤ ከተፈለጠበት ቦታ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ አጭር ነው። በእኔ ዓይን ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። እዚያው የበቀለ የእዚያው አገር መንበር ነው።

ሥርዓቱ መንገዳገድ የጀመረው በ1292 ነው። ጆን ቤልየል በኖቬምበር 30፣ በቅዱስ እንድርያስ በዓል፣ በድንጋዩ ላይ ስኩን ውስጥ የተቀመጠ የመጨረሻው ንጉሥ ሆነ። የፋይፍ መስፍን ያኔ ሕፃን ስለነበር፣ እሱን ተክቶ የሚያስቀምጥ ሰው ኤድዋርድ ላከ፤ ጆን ደ ሴንት ጆን የሚባል እንግሊዛዊ። የሚያስቀምጠው እጅ የጎረቤት ንጉሥ እጅ ከሆነ የሚከተለው አያስቸግርም። በ1296 ኤድዋርድ ስኮትላንድን ወረረ፣ ከቤልየል ካባ ላይ የንግሥና አርማውን አስገፈፈ፤ ሰዉም «ባዶ ካባ» አለው። ድንጋዩንም ወደ ለንደን አስወሰደና በዌስትሚንስተር ለቅዱስ ኤድዋርድ መቃብር ሰጠው። ለድንጋዩ መጀመሪያ የነሐስ ወንበር ሊሠራለት ታስቦ ነበር፤ ተሰረዘ። በምትኩ ዋልተር ዘ ደራም የተባለው ሠዓሊ በ100 ሽልንግ የኦክ እንጨት ወንበር ሠራለት። ዛሬ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚነግሡበት ወንበር ያ ነው።

ከሦስቱ ነገሮች አንዱ ሲጎድል ምን ይደረጋል? ለዚህ ከሮበርት ብሩስ የተሻለ ምሳሌ የለም። በፌብሩዋሪ 1306 ተቀናቃኙን ጆን ካሚንን ዳምፍሪስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወግቶ ገደለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 25፣ ስኩን ላይ ነገሠ። ድንጋዩ ለንደን ነው። ዘውዱም ተወስዷል፤ የወርቅ ቀለበት ነገር ተገኘና በራሱ ላይ አደረጉለት። የግላስጎው ጳጳስ ሮበርት ዊሻርት ደብቆ ያቆያቸውን አልባሳትና የቀድሞ ንጉሥ ሰንደቅ አወጣ። የፋይፍ መስፍን ግን ገና ወጣት ነው፣ ያለውም በእንግሊዝ እጅ። የዚያ ቤተሰብ ሴት የሆነችው ኢዛቤላ ማክደፍ፣ የቡካን መስፍን ሚስት፣ በፈረስ ገስግሳ ደረሰች፤ ግን ሥርዓቱ አልቋል። ባሏ የሟቹ የካሚን ዘመድ ነው፤ ማለትም የባሏን ደመኛ ልታነግሥ ነው የመጣችው። ብሩስ አላመነታም። ሥርዓቱ እንደገና ተደረገ፣ ኢዛቤላ በእጇ አነገሠችው።

ለምን ሁለቴ? ጳጳሳት ነበሩ፣ መሳፍንት ነበሩ፣ ሕዝብ ነበረ። ግን ድንጋይም ዘውድም የሌለው፣ እጁ በደም የተነከረ ሰው፣ የፋይፍን ቤት እጅ ሳያገኝ ሊቀር አልፈለገም። ኤድዋርድም የዚያችን እጅ ዋጋ አውቆታል። ኢዛቤላ በዚያው ዓመት ስትያዝ ከእንጨትና ከብረት በተሠራ ፍርግርግ ውስጥ በቤሪክ ቤተ መንግሥት እንድትታሰር አዘዘ፤ እስከ 1310 ድረስ እዚያ ቆየች።

ቅብዓቱ በመጨረሻ ሲፈቀድ ሌላ ምፀት መጣ። ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ ከአቪኞን ሆኖ የስኮትላንድ ነገሥታት እንዲቀቡና ዘውድ እንዲጭኑ የፈቀደበት ደብዳቤ የተጻፈው ጁን 13 ቀን 1329 ነው። ብሩስ የሞተው ጁን 7። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባው ልጁ ዳግማዊ ዳዊት ሆነ፤ ኖቬምበር 24 ቀን 1331፣ ስኩን፣ ዕድሜው ሰባት። የሕፃን እጅ የንጉሥ በትር ስለማይችል ትንሽ በትር ተሠራለት። ከዚያ ወዲህ የሚቀባው የአገሩ ጳጳስ እየገነነ፣ መስፍኑና ዘር ቆጣሪው እያነሱ ሄዱ።

የንግሥ በዓል ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚያሳይ አንድ ነገር ላንሣ። በኦገስት 1390 የነገሠው ሣልሳዊ ሮበርት ነው። ስሙ ጆን ነበር፤ ከቤልየል ወዲህ ጆን የሚባል ንጉሥ አይቀናውም ተብሎ ስሙን ለወጠ። ወሩ የመኸር ነውና የመጣው ሕዝብና ፈረስ የገዳሙን የደረሰ አዝመራ ረጋግጦ ጨረሰው። ሮበርት ሎጊ የተባለ የገዳሙ ሰው ካሣ ቢጠይቅ የንጉሡ ሹሞች አባረሩት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የገዳሙን አጫጆች ሰብስቦ፣ የገለባ ምስል አሠርቶ፣ ቀንድ እያስነፋና ገበቴ እያስደበደበ ንጉሡ ከተኛበት መስኮት ሥር ሄደ። ንጉሡ ደንግጦ ምንድነው ቢል፣ አዝመራችንን አንተ ስላጨድክልን የአጫጅ ደሞዝ ተርፎልን ደስ ብሎን ነው አሉት። ሹሞቹ ይቀጣ ሲሉ ንጉሡ ግን ኪሣራው ተገምቶ ይከፈል ብሎ አዘዘ። ከነገሥታቱ ሥርዓት ሁሉ ይህን የዘገበው ዜና መዋዕል ጸሐፊው ዋልተር ባወር ባይኖር ኖሮ ስለ እህሉ ማን ያስብ ነበር።

በ1424 ቀዳማዊ ጄምስ ከ18 ዓመት የእንግሊዝ እሥር ተመልሶ ነገሠ። ወደ መንበሩ የመራው የአጎቱ ልጅ መርዶክ ነው፣ የኦልባኒ ዱክና በዚያውም የፋይፍ መስፍን። በዓመቱ ጄምስ አንገቱን አስቀላው። የፋይፍ መስፍንነትም በዘውዱ ተወረሰ፤ የጥንቱ የማስቀመጥ መብት ባለቤት አጣ። ጄምስ ራሱ በ1437 ፐርዝ ውስጥ ተገደለ። ስኩን ከፐርዝ በጣም ቅርብ ነውና ልጁን እዚያ ወስዶ ማንገሥ አደጋ ሆነ፤ ዳግማዊ ጄምስ ኤዲንብራ አጠገብ በሆሊሩድ ገዳም ነገሠ። ሣልሳዊ ጄምስ በ1460 በኬልሶ ነገሠ፣ አባቱ ሮክስብራን ከብቦ ሳለ የገዛ መድፉ ፈንድቶ ስለገደለው። አምስተኛው ጄምስ በ1513 ስተርሊንግ ላይ፣ አባቱ ፍሎደን ላይ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ በወደቀ በ12ኛው ቀን። ድንጋዩ ሲሄድ ቦታው ተረፈ፤ በኋላ ቦታውም እየተረሳ ሄደ።

ዘውዱ ያደገው በዚህ ክፍተት ነው። አሁን ኤዲንብራ ቤተ መንግሥት ያለውን ዘውድ የኤዲንብራው አንጥረኛ ጆን ሞስማን በ1540 ከአሮጌው ዘውድ አቅልጦ ሠራው፤ 1.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በትሩን ጳጳስ እስክንድር 6ኛ በ1494፣ ሰይፉን ጳጳስ ዩልዮስ 2ኛ በ1507 ለአራተኛው ጄምስ የላኩለት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሉት ሴፕቴምበር 9 ቀን 1543 ማሪ ስቱዋርት በዘጠኝ ወሯ ስትነግሥ ነው። ሕፃኗ ዘውዱንም በትሩንም መያዝ ስለማትችል ሦስት መሳፍንት ተሸከሙላት። የእንግሊዙ መልእክተኛ በዓሉ ብዙ ወጪ ያልወጣበት ነው ብሎ ወደ አገሩ ጻፈ። ልጇ ስድስተኛው ጄምስም በ13 ወሩ ነገሠ፤ የፕሮቴስታንቶቹ መሪ ጆን ኖክስ ሰበከ እንጂ ዘይቱን ተቃውሞ ነበር፣ ሆኖም ሕፃኑ ተቀባ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲለመን የኖረው ቅብዓት ከተሐድሶው በኋላ የካቶሊክ ርኩሰት ተባለ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1651 ስኩን ላይ የተፈጸመው የዳግማዊ ቻርልስ ንግሥ የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ እንግዳው ይመስለኛል። አባቱን እንግሊዞች አንገቱን ከቀሉት ሁለት ዓመት አልሞላም። ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት የስኮትላንድ ፕሮቴስታንቶች ዘይት የለም አሉ፤ በቦታው ሮበርት ዳግላስ ስለ ንጉሥ ኢዮአስ ንግሥ ረጅም ስብከት ሰበከ፣ ንጉሡም ቃል ኪዳናቸውን ፈረመ። ዘውዱን የጫነለት የአርጋይል ማርኪስ ነው፤ ቻርልስ እንግሊዝን ሲያገኝ በ1661 አስገደለው። በዚያ ደረቅ የፕሮቴስታንት ጉባኤ መካከል ግን ባለ አርማው ሎርድ ላየን ተነሥቶ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ እስከ ፈርጉስ ድረስ ቆጠረ። ከ1249 ጀምሮ ካየነው ሁሉ የቀረው እሱ ነበር። ዘይቱ መጥቶ ሄዷል፤ ቆጠራው አለ።

የእንግሊዙ የጦር መሪ ክሮምዌል ሲመጣ ዘውዱ፣ በትሩና ሰይፉ ወደ ደኖተር ምሽግ ተወሰዱ። ምሽጉ ሲከበብ ከዚያ ሾልከው ወጥተው በኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ተደበቁ። ቄሱ ጄምስ ግሬንጀር የት እንደቀበራቸው በጽሑፍ አስቀምጧል፦ በሌሊት ከስብከቱ ሰገነት ፊት ያለውን የወለል ድንጋይ አንሥቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ዘውዱንና በትሩን ከተተ፤ ሰይፉን በምዕራብ በኩል ከተራ ወንበሮች መካከል ቀበረ። ሰይፉ ረጅም ስለሆነ ስለቱ ለመደበቅ ሲባል ተሰብሯል፤ ስብራቱ አሁንም ይታያል። ሚስቱ ክርስቲያን ፍሌቸር ዘውዱን ከቀሚሷ ሥር አድርጋ አወጣችው የሚል ወሬ አለ፤ አሽከር ሴት የባሕር አረም ስትለቅም ወደ ታች ወረደላት የሚልም አለ። የተረጋገጠው፣ ፓርላማው በ1661 ለክርስቲያን 2,000 መርክ (የዘመኑ የስኮትላንድ ገንዘብ) መፍቀዱ ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋሐደችበት ከ1707 በኋላ ሦስቱም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ተረሱ፤ በፌብሩዋሪ 1818 ደራሲው ዋልተር ስኮት ሳጥኑን አስከፍቶ በጨርቅ እንደተጠቀለሉ አገኛቸው።

ስለ ድንጋዩ አንድ የማይሞት ወሬ ቀርቷል፦ መነኮሳቱ እውነተኛውን ደብቀው ለኤድዋርድ ተራ ድንጋይ ሰጡት። የሚያምኑት ሰዎች አንድ ደህና ማስረጃ አላቸው። የዘመኑ ጸሐፊ ዋልተር ዘ ጊዝብራ ድንጋዩን ትልቅና እንደ ወንበር የጎደጎደ አድርጎ ገልጾታል፤ አሁን ያለው እንደዚያ አይደለም። እኔን አያሳምነኝም። በ1306 ብሩስ ስኩን ላይ ሲነግሥ ያ ድንጋይ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ እሱን የሚያወጡበት ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። በ1328ም ሰላም ሲወርድ የእንግሊዝ ንጉሥ ድንጋዩ እንዲመለስ አዘዘ፤ የለንደን ሰዎች አንሰጥም ብለው አስቀሩት። ሐሰተኛውን ለማስመለስ ማን ይደራደራል?

በ1950 የገና ሌሊት አራት የስኮትላንድ ተማሪዎች ድንጋዩን ከዌስትሚንስተር ሰርቀው ሲጎትቱት ለሁለት ተሰበረ። የግላስጎው ድንጋይ ጠራቢው ሮበርት ግሬይ በነሐስ ዘንጎች ገጠመው፤ በኤፕሪል 1951 በአርብሮዝ ገዳም ተትቶ ተገኘ። በ1996 በሕጋዊ መንገድ ወደ ኤዲንብራ ተመለሰ፣ ለሚነግሥ ንጉሥ ወደ ለንደን ይሂድ በሚል ግዴታ። በሜይ 2023 ለሣልሳዊ ቻርልስ ንግሥ ሄዶ በኦክ ወንበሩ ሥር ገብቶ ተመለሰ፤ ከማርች 2024 ጀምሮ በፐርዝ ሙዚየም ነው፣ ከስኩን እጅግ ቅርብ።

የስኮትላንድ ዘውድ ራሱ ከ1651 ወዲህ በማንም ራስ ላይ አልተጫነም። በ1953 ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በኤዲንብራ ሴንት ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ቀርቦላት በእጇ ነካችው። በጁላይ 2023 ልጇ ቻርልስም እንዲሁ አደረገ፤ የዩልዮስ ሰይፍ ግን እጅግ ስለደከመ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የቀረበው አዲስ የተሠራ ሰይፍ ነው።